በርሽን ማን ያንኳኳል?

ጾሞ፣ ምሥራቅ ኬፕ፣ ደቡብ አፍሪካ
ጁን 2 ቀን 2008

ለወንድሜ ልጅ ለፉኔካ፤

የአባቶቻችን አምላክ ስትወጪም ስትገቢም አይለይሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም አልከሰውም፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ተሸክሞኛልና ማኩረፍ መብቱ ነው። ብርዱ ገብቷል። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው እንደ አባትሽ ግንባራም ነው።

በስልክ ማውራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በስልክ «ደህና ነኝ አክስቴ» ትያለሽ፣ ከዚያ ሂሳቡ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ለመዋሸትም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ጻፊልኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ብዙ ነግረሽኛል። ልጆቹ ጸጉርሽን ካልነካን እንደሚሉ፣ መምህራኑ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በነጠላ ጫማ እንደሚያስተምሩ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ወጣት ሳይባል መረብ ኳስ መጫወት ግዴታ እንደሆነ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት ገጽ ሙሉ አንድ ሰው በስሙ አልጠራሽም። እኔ እስከ ሱቅ ደርሼ ስመለስ እንኳ አሥር ስም ይዤ ነው የምመጣው፤ ስድስቱ ለሐሜት።

የአጎትሽን የዞሊሌን ነገር ታውቂያለሽ። ጆሃንስበርግ በተከራየው ክፍል ወድቆ በአራተኛው ቀን ነው የተገኘው። አራት ቀን፣ ፉኔካ። ግራና ቀኙ ሰው እየኖረ። እሱን ከቀበርን ወዲህ በቤታችን አንድ ሕግ አለ፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የኛ ልጅ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ቢቀር የሚያንኳኳለት ሰው በሌለበት አገር አይኖርም። ስትሄጂ አውቶቡሱ ጋ ቆመሽ «ነይ ካሉኝ እመጣለሁ» ብለሽ ቃል ገብተሽልኛል።

እንግዲህ ልጠይቅሽ። ሞክፖ በምትዪው የኮሪያ ከተማ አንድ ቀን በርሽ ባይከፈት የሚያንኳኳው ማን ነው? ስሙን ጻፊልኝ። ስም ከሌለሽ ግን ውልሽ ሲያልቅ ነይ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በጃንዋሪ አንድ ቦታ ይከፈታል ብሎኛል፤ ስምሽን አስይዣለሁ።

ያንን የማድያት ቅባት አትርሺ። ለእኔ አይደለም፣ ለእናቶች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። እኔ ማድያት የለኝም።

አክስትሽ ኖዛሚሌ


ሞክፖ
ጁላይ 9 ቀን 2008

ለክብርት አክስቴ ለእትዬ ኖዛሚሌ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ግንባራሙን ጥጃ ሳሙልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የቤቱ ጥፋት ይመስለኛል። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው መለስኩት፣ አሁን ደግሞ በር ሥር ነው ያለው። አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኛል። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ቦርሳዬን ጥዬ ወደብ እወርዳለሁ፣ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱትን ጀልባዎች አያለሁ፣ ማንንም አልሸኝም ማንንም አልቀበልም፣ ከዚያ እመለሳለሁ።

ሰው የለም እንዳይሉኝ። ባለፈው ዓርብ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እራት ወጥተን ነበር። እዚህ መምህራን አብረው ካልበሉ አብረው የሠሩ አይመስላቸውም። ሆንጎ የሚሉትን የሸተተ ዓሣ አቀረቡልኝ፤ ሽታው አፍንጫዬን አልፎ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ርእሰ መምህሩ «ይህን የበላ የሞክፖ ሰው ነው!» ብሎ አጨበጨበልኝ። በላሁት። ከዚያ ውኃ ጠማኝና ብርጭቆዬን አንስቼ መጠጡን ለራሴ ቀዳሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ኦ ዩንጂን፣ ክፍል ውስጥ አብራኝ የምታስተምረው፣ ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«እዚህ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ጎረቤቱ ነው የሚቀዳለት። ለራስሽ ከቀዳሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ሦስት ዓመት ባል አያገኝም ይባላል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራቴን ይዣለሁ። እናቴ ብትሰማ በባቡር መጥታ ነው የምታንቅሽ!»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ሲያልቅ ጎንበስ ጎንበስ ብለን ተሰነባበትን፤ እያንዳንዱ «አንድ ቀን ምግብ እንብላ» እያለኝ ሄደ። ቀኑን የነገረኝ የለም።

ስም ጻፊልኝ ብለውኛል። የሚያንኳኳልኝ ሰው አለ። በሬ ፊት ለፊት የምትኖር አሮጊት ናት፣ ስሟ ፓክ ማልሱን ይባላል። ብቻዋን ነው የምትኖረው። በየጠዋቱ ታንኳኳለች፣ አንዳንዴም ሾርባ ይዛልኝ ትመጣለች። ስለዚህ አያስቡ። የትምህርት ቤቱንም ቦታ ለሌላ ሰው ይተዉት። እኔ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቦታ ይከፈታል» ስባል ኖሬያለሁ፤ እዚህ የራሴ ክፍልና የራሴ ጠረጴዛ አለኝ።

ቅባቱን ልኬያለሁ። ሊቀ መንበሯ ማታ ማታ በስሱ ትቀባው።

ልጅዎ ፉኔካ


ጾሞ
ኦገስት 1 ቀን 2008

ለልጄ ለፉኔካ፤

ደብዳቤሽን እየሳቅሁ አነበብኩት። ሦስት ዓመት ባል ማሳጣት! እዚህ ጾሞ ውስጥ በዚህ ዓይነት ስንቱ ለራሱ ሲቀዳ የኖረ መሰለሽ። ቅባቱም ደርሷል፤ ሊቀ መንበሯ እጅግ አድርጋ አመስግናለች። እኔም ጥቂት ሞከርኩት፣ እንዲያው ይበላሽ እንደሆነ ለማየት ያህል።

ማልሱን። ማልሱን። ስሟን ጸሎት ላይ አስገብቼዋለሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማኅበራችን ስንሰበሰብ እጠራታለሁ። እናቶቹ ጠየቁኝ። ስንት ልጆች አሏት? ባሏ ምን ሆኖ ሞተ? ሾርባው የምን ሾርባ ነው? ስታንኳኳ ቆማ ትጠብቃለች ወይስ ትሄዳለች? ይህን ሁሉ ጻፊልኝ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ሴትዮዋን ሳላመሰግን መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ በትንሽ ጥቅል ሻል ልኬላታለሁ። ዳሩን በዶቃ የሠራሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ለእሷ የጻፍኩት ደብዳቤ አለ፤ እንግሊዝኛዬ የቤት ሠራተኛ እንግሊዝኛ ነው፣ እሷም እንግሊዝኛ ላታውቅ ትችላለች፣ አንቺ ፈልገሽ አስነብቢላት። ትከሻዋ ላይ ራስሽ አልብሺልኝ።

ውልሽን የምትፈርሚው መቼ ነው? እሱን አልነገርሽኝም።

አክስትሽ ኖዛሚሌ


ሞክፖ
ሴፕቴምበር 24 ቀን 2008

ለክብርት አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ስለቆየሁ ይቅር ይበሉኝ። የመከር በዓል ነበር፣ ከተማው ሁሉ ወደየወላጆቹ መቃብር ሄዶ ባዶ ሆኖ ሰነበተ። እኔ ሦስቱንም ቀን በእግሬ ዞርኩ። አልጋውንም እንደገና ወደ መስኮቱ መለስኩት።

ጥቅሉ ደርሷል። ማልሱን ሻሉን በጣም ወደደችው። ሰጥቻታለሁ። ታመሰግናለች። ሾርባው የባሕር ቅጠል ነው። ልጅ አላት፤ ሩቅ ነው።

ውሉን እስከ ጃንዋሪ 20 መፈረም ወይም አልፈርምም ማለት አለብኝ። ዩንጂን በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጠይቀኛለች። ማታ እፈርማለሁ ብዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ደግሞ ሻንጣዬን አውርጄ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አጎቴ ዞሊሌ ሲሞት እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን «ያን ዓመት ኖዛሚሌም ጆሃንስበርግ ነበረች» ሲል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? እርስዎ ስለዚያ ነገር ሲያወሩ ሁልጊዜ «ተገኘ» ነው የሚሉት። ማን እንዳገኘው ነግረውኝ አያውቁም።

ልጅዎ ፉኔካ


ጾሞ
ኦክቶበር 13 ቀን 2008

ለፉኔካ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያንቺ ዝምታ ግን ደብዳቤው ሳይከፈት ይሸታል። «ወደደችው፣ ሰጥቻታለሁ፣ ታመሰግናለች» ብለሽ ጻፍሽ። እኔ ሻሉን እያመሸሁ ነው የሠራሁት። እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሦስት ቃል አይመለስም።

ሴትዮዋ ሻሉን ለብሳ፣ አንቺም አጠገቧ ቆመሽ፣ ፎቶግራፍ ተነሺና ላኪልኝ። ፎቶው ካልመጣ ውሉን አትፈርሚም፤ ለርእሰ መምህሩ ትመጣለች ብዬ እነግረዋለሁ። ቃልሽን አስታውሺ።

ሌላ ነገር አልፈልግም። ቅባትም አልፈልግም።

አክስትሽ


ሞክፖ
ኖቬምበር 3 ቀን 2008

ለክብርት አክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የኔም አልቋል።

ማልሱን አንድም ቀን አንኳኩታልኝ አታውቅም ነበር። ሾርባም አላመጣችም። ስሟን ያወቅሁት በሯ ሥር ከተጣለ የጋዝ ክፍያ ወረቀት ላይ ነው፤ ፊደል ቆጥሬ አነበብኩት። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ታየኛለች፣ ከዚያ በሯን ትዘጋለች። ሻልዎ ከነጥቅሉ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱን እያየሁ ነው የሰነበትኩት።

የኦክቶበር ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቁርጥ ሆነብኝ። ጥቅሉን ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኩና ለዩንጂን ለሴትዮዋ የጻፉትን ደብዳቤ ወደ ቋንቋቸው መልሺልኝ አልኳት። አነበበችው። «በየጠዋቱ የልጄን በር ስለምታንኳኪልኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይህች ሴትዮ ታንኳኳልሻለች?»

«አታንኳኳም።»

«ተጣልታችኋል?»

«ተነጋግረን አናውቅም። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ጎረቤት በሬ ድረስ አልመጣም። የመጀመሪያውን ሳምንት ክፍሌን ወልውዬ፣ ብስኩት ገዝቼ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው አልመጣም።»

«ምን ስትጠብቂ?»

«እንዲመጡ ነዋ! አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት አይመጣም? በእኛ አገር እንግዳ በር አያንኳኳም፣ ይንኳኳለታል። አክስቴ ያስተማረችኝ እንዲህ ነው።»

ዩንጂን እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ተክ አላደልሽም? ስትገቢ ተክ ይዘሽ በየበሩ አልዞርሽም?»

ለካስ ነገሩ እዚህ ግልብጥ ነው፣ አክስቴ። አዲስ የገባው ሰው ነው ተክ የሚሉትን የሩዝ ኬክ፣ ቀይ ባቄላ ተነስንሶበት ገና እንፋሎቱ ሳይጠፋ፣ ለየጎረቤቱ የሚያደርሰው። «እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ» ማለቱ ነው። ያላደለ ደግሞ አትድረሱብኝ እንዳለ ይቆጠራል። እኔ እነሱን ስጠብቅ እነሱ እኔን ሲጠብቁ ስምንት ወር አለፈ። አንዴ እንኳ አላኮረፉኝም፤ ፈልጋ ነው ብለው ነው የተዉኝ። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ልጆቹ በመስኮት እያዩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዩንጂን ጋር ትኩስ ተክ ገዝተን ስምንቱንም በር አንኳኳን። ማልሱን የመጨረሻዋ ነበረች። ከፈተች። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ሩዙን ራስሽ ዘርተሽ አጭደሽ ነው እንዴ እስካሁን የቆየሽው?» አለችኝ።

ዩንጂን ደብዳቤዎን አነበበችላት። ስለ ማንኳኳቱ ስትሰማ «እኔ? መቼ አንኳኳሁ?» አለች። ወለሉ ቢከፈትልኝ ደስ ባለኝ። ውሸቴን ነው አልኳት፤ ዩንጂን ተረጎመችው። አሮጊቷ ሻሉን ገለጠችው፣ ዶቃዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ነካካቻቸው፣ ከዚያ ለበሰችው።

«ይህን ሁሉ የሠራች ሴት ውሸታም ልትባል አይገባትም» አለች። «ከነገ ጀምሮ አንኳኳለሁ።»

አክስቴ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምታንኳኳው! በከዘራ! እሑድም የለ፣ በዓልም የለ። «ተነስቻለሁ!» እስክላት ድረስ አትሄድም። ባለፈው ሐሙስ ትንሽ ብዘገይ «ሞተሻል?» ብላ ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰችው።

ፎቶውን አያይዣለሁ። ያልሳቀችው ለፎቶ ጥርስ አይታይም ስለምትል ነው። ዋሽቼዎታለሁ፣ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አሁን የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ልመን አልመን ብለው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ፤ የራሴ ጥፋት ነው።

ልጅዎ ፉኔካ


ሞክፖ
ዲሴምበር 2 ቀን 2008

ለክብርት አክስቴ፤

መልስ አልመጣም። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ እከፍታለሁ፤ ፖስታ በቀን አንዴ እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም። ተቆጥተውኛል። ቢሆንም የሆነውን ልንገርዎት።

ባለፈው ቅዳሜ ማልሱን አላንኳኳችም። ነቅቼ ሰዓቱን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ሆኗል። ደስ ነው ያለኝ፣ አልዋሽዎትም። «ተመስገን፣ ዛሬስ አዘነችልኝ» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ በሯን አንኳኳሁ። ዝም። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውኃ ይፈስሳል።

በነጠላ ጫማ ወደ ጠባቂው ሮጥኩ። በራቸው በቁጥር ነው የሚከፈተው። ጠባቂው ኡልሳን በሚባል ከተማ ወዳለው ልጇ ደውሎ ቁጥሩን ጠየቀ። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አገኘናት፣ ዳሌዋ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ ከብርድ የተነሣ ሌላ መልክ ይዟል። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«አረፈድሽ» አለችኝ።

ሐኪሞቹ ጥቂት ሰዓት ብትቆይ ኖሮ ብርዱ ይገድላት ነበር አሉ። እዚህ አገር ታማሚን የሚያስታምመው ዘመድ ነው፣ ከአልጋው ሥር አጭር አልጋ አለችው። ልጇ እስኪደርስ እኔ ተቀመጥኩባት። ነርሷ ቅጽ ይዛ መጣች፤ ዩንጂን በስልክ እየተረጎመችልኝ፣ «ለታማሚዋ ምኗ ነዎት?» አለችኝ። ማልሱን ከአልጋዋ ላይ ጮኸች፤ «ተክ ያመጣችልኝ ልጅ ናት! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ!»

ልጇ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ የመርከብ ፋብሪካ የሚሠራ። ሦስት ዓመት እናቱን አላያትም ኖሯል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ አለልኝና ቀና ማለት አቃተው። ወደ ኡልሳን እወስድሻለሁ ቢላት፣ «ልጅቷን ማን ይቀሰቅሳታል?» ብላ እምቢ አለች። ኤፕሪል ላይ ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

አክስቴ፣ መቆየት እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ይህን በቀጥታ ጽፌልዎት አላውቅም፤ ለራሴም አላውቀውም ነበር። ግን ቃል ገብቼልዎታለሁ። ዋሽቼዎት ደግሞ ቃሌን ብበላ ሁለት ጊዜ ከሰርኩ ማለት ነው። ነይ ካሉኝ እመጣለሁ። ብቻ አንድ መስመር እንኳ ይጻፉልኝ፤ ጃንዋሪ 20 እየቀረበ ነው።

ልጅዎ ፉኔካ


ጾሞ
ዲሴምበር 22 ቀን 2008

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለፉኔካ፤

ጸጋና ምሕረት ካንቺ ጋር ይሁን፤ ከኔም ጋር ይሁን፣ ዛሬ እኔ ነኝ የሚያስፈልገኝ።

አልተቆጣሁሽም። መዋሸትሽን ያወቅሁት ስለ ማልሱን በጻፍሽው በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ነው። ሾርባ የምታመጣ ጎረቤት ያላት ሴት ስለ ሾርባው ቅሬታ ታበዛለች፤ ጨው በዛበት፣ ቀጠነ ትላለች። አንቺ ምንም አላልሽም። ሻሉን የላክሁት የሆነ በር እንድታንኳኪ ብዬ ነው። ያልጻፍኩልሽ በሌላ ምክንያት ነው። በሴፕቴምበር ጠይቀሽኝ ነበር፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ያ ጥያቄሽ ወረቀቱ ላይ ቀድሞኝ ይቀመጣል። አሁን ግን «ውኃ ይፈስሳል» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ከዚህ በላይ መያዝ አቃተኝ።

አዎ፣ ያን ዓመት ጆሃንስበርግ ነበርኩ። የሰው ቤት እሠራ ነበር፣ ጓሮ ካለች ክፍል ነበር የማድረው። የዕረፍት ቀናችን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አሌክሳንድራ ወደሚባለው ሰፈሩ ሄጄ ለዞሊሌ ልብሱን አጥብለት ነበር፣ አብረን እንበላ ነበር። እናታችን ስትሞት ለቀብር ሳይመጣ ቀረ። እኔ ብቻዬን ቀበርኳት ማለት ይቻላል። ስመለስ፣ «እሱ ቀድሞ ይምጣ፣ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ» አልኩ። አራት ሐሙስ ቀረሁ።

በአምስተኛው ሐሙስ አልቻልኩም፣ ሄድኩ። በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ፉኔካ። ይህን ለአባትሽም አልነገርኩትም፣ ለቄሱም አልነገርኩም። በሩ ዝግ ነበር፤ ውስጥ ራዲዮ ይሰማል። እጄን አነሣሁ። ከዚያ ልቤ ደነደነ። «ቤት ውስጥ ተቀምጦ ራዲዮ እየሰማ ነው፤ እኔ ልለምነው?» አልኩ። ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ቅዳሜ ዕለት የቤቱ ባለቤት በሩን ሰብሮ አገኘው። ሐኪሙ ረቡዕ ነው የወደቀው አለ፤ እስከ ዓርብ በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም። ለቀብር ያልመጣውም ታሞ ስለነበር እንደሆነ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉን ያወጣሁት ለእናንተ አስቤ ይመስላችኋል። እኔ ግን ጣቴን ወደ ጎረቤቶቹ ቀስሬ ሃያ ሁለት ዓመት ተሸሸግሁበት። አንቺን «ማን ያንኳኳልሻል?» እያልኩ አስጨነቅሁሽ፤ ላንኳኳ ይገባኝ የነበረው እኔው ሆኜ። አንቺ ሁለት ሰዓት ዘግይተሽ አንኳኳሽ፣ ሰውም ተረፈ። እኔ ላዝዝሽ የምችልበት አፍ የለኝም። ፈርሚ። ለርእሰ መምህሩ አትመጣም ብዬዋለሁ፤ ተቆጣ፣ ይቆጣ።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ነበር፣ እስከዚህ ድረስ ትናንት ነው የጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት ግን አንድ ነገር አደረግሁ።

ከአጥሩ ማዶ ያለችውን ማድሎሞን ታውቂያታለሽ። ፍየሏ ጎመኔን ከበላበት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም። ማኅበር ላይ እንኳ እሷ በግራ ከተቀመጠች እኔ በቀኝ ነኝ። ልጆቿ ኬፕታውን ከሄዱ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ እኔም እንደምታውቂው ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ተነሣሁ፣ ቡናማውን ጃኬቴን ለበስኩ፣ ጉልበቴን ረገምኩት፣ በአጥሩ ዞሬ በሯን አንኳኳሁ። ከውስጥ ስትንኳተት ቆይታ ከፈተች። እኔን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፣ የበሩን እንጨት ያዘች።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳት፤ «ለዚያ ነው የመጣሁት።»

አክስትሽ ኖዛሚሌ